በሂንዱ ነገሥታት ጥላ ሥር፦ ሃይማኖትና ሥልጣን በመካከለኛው ዘመን ደቡብ ሕንድ

ሕንድ ስትነሣ ብዙዎቻችን የሐዋርያው የቅዱስ ቶማስን ስብከት እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ ግን የሕንድ ክርስቲያኖች የሌላ እምነት ተከታዮች በሆኑ ነገሥታት ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት እንዴት ኖሩ? ይህ ትምህርት ጥያቄውን ከታሪክ ማስረጃ ተነሥቶ ይመለከታል። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ንጉሥና ቤተ መቅደስ

በዚያ ዘመን ሕንድ፥ ሰይፍ ብቻውን ንጉሥን አያጸናም ነበር። ሥልጣኑ እንዲከበር ንጉሡ የአማልክት አገልጋይና የእምነት ጠባቂ ሆኖ መታየት ነበረበት። የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ በ1010 በታንጃቩር ከተማ ለሺቫ ያሠራው ቤተ መቅደስ ለዚህ ምስክር ነው። ግንቡ ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ስሙም የተሰየመው በራሱ በንጉሡ ስም ነበር። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የተሰጠውን ወርቅና ዕንቁ፥ ግብር የሚያስገቡለትን መንደሮች፥ የ400 ዘፋኝ ሴቶችንም መኖሪያ ይዘረዝራል። ከመንደሮቹ አንዳንዶቹ በጦር በተያዘችው በስሪላንካ ነበሩ። ቤተ መቅደሱ ገንዘብ በወለድ ያበድር ስለ ነበር የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤትም ነበር።

በ1336 በተመሠረተው በቪጃያናጋራ መንግሥት ደግሞ ነገሥታቱ በስጦታ ሰነዶቻቸው ላይ የሚፈርሙት ቪሩፓክሻ በተባለው አምላካቸው ስም ነበር። ይህ አሠራር «ባለቤቱ አምላክ፥ ንጉሡ መጋቢ» የሚል መልእክት ሲኖረው ንጉሡን የሚቃወም ሁሉ አምላኩን እንደ ተቃወመ እንዲቆጠርም ያደርግ ነበር።

2. የኮላም የመዳብ ሰሌዳዎች

ወደ ክርስቲያኖቹ ስንመለስ፥ በዛሬዋ ኬረላ በምትገኘው በኮላም ወደብ በ849 የተጻፈ ታላቅ ሰነድ እናገኛለን። በቼራው ንጉሥ በስታኑ ራቪ ዘመን የቬናድ ገዥ የነበረው አያን አዲካል፥ ማር ሳፒር ኢሾ ለመሠረተው ቤተ ክርስቲያን በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ መብት ሰጠ። በእኛ አገር አነጋገር ጉልት ልንለው እንችላለን። ቤተ ክርስቲያኑ መሬት አገኘ፤ ከአንዳንድ ግብርም ነጻ ሆነ። የነጋዴዎች ማኅበራትም መብቱን እንዲጠብቁለት ተሾሙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የምስክሮቹ ፊርማ ነው። ሰነዱ በአገሬው ቋንቋ ሲጻፍ፥ ምስክሮቹ ግን በዐረብኛ፥ በጥንታዊ የፋርስ ጽሕፈትና በዕብራይስጥ ፊደል በተጻፈ ፋርስኛ ፈርመዋል። አንድ ሂንዱ ገዥ ለአንድ የክርስቲያኖች ቤት የሰጠውን መብት እስላሞች፥ አይሁድና የዞሮአስተር ሃይማኖት ተከታዮች ከክርስቲያኖች ጋር መሰከሩለት ማለት ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች ዛሬም በኬረላ አብያተ ክርስቲያናት እጅ ይገኛሉ።

3. ቸርነት ወይስ ጥቅም?

መልሱ ሁለቱም ነው። ኮላም የቁንዶ በርበሬ ንግድ በር ነበረች። ነጋዴው ያለ ሥጋት የሚጸልይበት ቦታ ካገኘ መርከቡን ወደዚያው ይመልሳል፤ ገዥውም ቀረጡን ይሰበስባል። ጥቅም ሲለወጥ ግን ወዳጅነትም ይለወጣል። በሱማትራ የነበረው የስሪቪጃያ ንጉሥ በናጋፓቲናም ወደብ የቡድሂስቶች ገዳም ሲያሠራ፥ በ1006 ገደማ ራጃራጃ የአንድ መንደር ገቢ ሰጠው። በ1025 ግን ልጁ ራጄንድራ መርከቦቹን ልኮ የስሪቪጃያን ወደቦች ወጋ።

ስጦታው ሌላም ጎን አለው። በኮላም ሰነድ ውስጥ የአናጺዎች፥ የልብስ አጣቢዎችና የሌሎች ሠራተኞች ቤተሰቦች ከመሬቱ ጋር ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሰጥተዋል። የአንዱ ነጻነት በሌላው ድካም ላይ ቆሞ ነበር፤ ይህን ሳንሸፍን ልንናገር ይገባል።

ሆኖም ሁሉ ነገር ጥቅም ብቻ አልነበረም። በ1368 የጃይን እምነት ተከታዮች በቫይሽናቫ ሂንዱዎች ተበደልን ብለው ለቪጃያናጋራው ንጉሥ ለቡካ አቤት አሉ። ንጉሡ የጃይኖቹን እጅ ይዞ በከሳሾቻቸው ሳይሆን በተከሳሾቹ እጅ ላይ አኖረ፤ ብዙኃኑ አናሳውን እንዲጠብቁ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ።

4. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የኬረላ ክርስቲያኖች በጎረቤቶቻቸው መካከል ሲኖሩ እምነታቸውን አልጣሉም፤ ከጎረቤቶቻቸውም አልተለዩም። ጸሎታቸውን በሱርስት ጠበቁ፤ በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው የሚበራው ባለ መቆሚያ የናስ የዘይት መብራት ግን ሂንዱዎች ከሚያበሩት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ በአናቱ ላይ መስቀል መተከሉ ነው። በ1329 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ኮላምን ሀገረ ስብከት አድርገው የዶሚኒካኑን ዮርዳኖስን በጳጳስነት ሲሾሙ፥ በዚያ ምድር ክርስትና ቀድሞ ሥር ሰድዶ ነበር።

እንግዲህ የገዥ ጥበቃ መልካም ነው፤ በምስጋናም እንቀበለዋለን። ነገር ግን በጥቅም የቆመ ጥበቃ ከጥቅሙ ጋር ሊያልፍ ይችላል። የሚጸናው የጎረቤት ምስክርነት ነው። ሰው በክፉ ቀን የሚመሰክርልን በደህናው ቀን አብረነው የኖርን እንደ ሆነ ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በኮላም የሌላ እምነት ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ምስክር የሆኑት ለምን ይመስላችኋል?
ለ. በቁምስናችን ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን ጋር በምን በምን እንተባበራለን?
ሐ. እኛ ያገኘነው መብት በሌላው ላይ ሸክም የሆነበት ጊዜ አለን?