የቆርቆሮው ላብና የኮራሉ ሣጥን
በቤት ውስጥ የሚተን ውኃ ሙቀቱንና እርጥበቱን ወዴት ይወስደዋል?

በምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው የግንደበረት ምድር ላይ የካቺሲ ከተማ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ማለዳ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። ዝናብ ሳይዘንብ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮው አልተቀደደም፤ ምስማሩም አልላላም። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?

መልሱን ለማግኘት እጅግ ሩቅ ከሚመስል ቦታ እንነሣ። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታችን ውጭ አገር ሳለን ክፍል የተከራየነው፣ ሳሎናቸው ውስጥ 500 ሊትር የሚይዝ የኮራል አኳሪየም ካቆሙ ሰው ቤት ነበር። ኮራሎች በሞቃት ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ መኖሪያ እየገነቡ በማኅበር የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ብርዱ ገባ፤ መስኮቶች ተዘጉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራስጌያችን በኩል ያለው ግድግዳ በጥቁር ሻጋታ ተሸፈነ። አከራያችን የውኃ ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ጠጋኝ አስመጡ፤ ግድግዳው ተፈለፈለ፤ ቧንቧው ግን ደኅና ነበር። የፊዚክስ ተማሪዎች የነበርነው እኛም ብንሆን ምክንያቱን ቶሎ አላስተዋልንም። በልጅነታችን ያየነው የቆርቆሮ ላብ ትዝ ያለን ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ነው።

የሙቀቱ ሒሳብ

የኮራል አኳሪየም ብርቱ መብራትና ውኃውን ሳያቋርጥ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል 150 ዋት የሆነ መብራት በቀን 10 ሰዓት፣ 100 ዋት የሚወስዱ ፓምፖች ደግሞ 24 ሰዓት ይሠራሉ እንበል። ድምሩ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ወይም 14 ሜጋጁል ያህል ነው። 500 ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 2 ሜጋጁል ያህል ይበቃል። እንግዲህ ኃይሉ ሁሉ ወደ ውኃው ገብቶ መውጫ ቢያጣ፣ የውኃው ሙቀት በአንድ ቀን በ7 ዲግሪ ይጨምር ነበር። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ መኖር ለለመዱት ኮራሎች ይህ ሞት ነው። በባሕር ውስጥ እንኳ የውኃው ሙቀት ከበጋው ጣሪያ በ1 ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሎቹ የሚመግቧቸውን በአካላቸው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥተው ይነጣሉ።

ሣጥኑን ከዚህ የሚያድነው ትነት ነው። በ25 ዲግሪ አንድ ኪሎግራም ውኃ ሲተን 2.44 ሜጋጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከእንዲህ ያለው ሣጥን በቀን 5 ሊትር ቢተን 12 ሜጋጁል ወጣ ማለት ነው። ከ14ቱ ሜጋጁል የሚቀረው ጥቂት ነው፤ እርሱም በመስተዋቱ በኩል ወደ ክፍሉ አየር ይተላለፋል። በውኃው ላይ የአየር ማራገቢያ ስናዞር ትነቱን እናፈጥናለን፤ ውኃውም ይቀዘቅዛል።

ነገር ግን ኃይል አይጠፋም። ተኑ የወሰደውን ሙቀት ሠውሮ ይዞታል እንጂ አላጠፋውም፤ ሥውር ሙቀት የተባለውም ስለዚህ ነው። ተኑ ከቤት ካልወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደገና ውኃ ሆኖ ያንኑ ሙቀት ይመልሳል። ማራገቢያው የሣጥኑን ችግር አቃለለ፤ የቤቱን ችግር ግን አልፈታም።

ተኑ የት ያርፋል?

አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን ገደብ አለው፤ ገደቡም ከሙቀት ጋር ይጨምራል። በ10 ዲግሪ 9.4 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 17.3 ግራም፣ በ30 ዲግሪ 30.4 ግራም ነው። አሁን 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 50 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 10.4 ግራም ተን አለ፤ እስኪጠግብ ድረስ መጨመር የሚችለው በጠቅላላው 345 ግራም ብቻ ነው። በቀን 5 ሊትር የሚተን ሣጥን ግን በየሰዓቱ 208 ግራም ይለቃል። ክፍሉ ጥርቅም ብሎ ቢዘጋና ትነቱ ባይቀንስ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አየሩ ይጠግባል።

ሻጋታ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። 60 በመቶ እርጥበት ያለው የ20 ዲግሪ አየር 12 ዲግሪ ላይ ያለ ገጽ ሲነካ ጤዛ ይጥላል፤ ይህም የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። የአከራያችን የውጭ ግድግዳ በብርዱ ከዚያ በታች ወርዶ ነበር። ሳሎን የተነነው ውኃ በራስጌያችን የታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተን የሚያርፈው በተነሣበት ሳይሆን ቀዝቃዛውን ገጽ ባገኘበት ነውና።

የካቺሲው ቆርቆሮም እንደዚሁ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ እየላከ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ደግሞ ቤተሰብ ተኝቷል። አንድ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውኃ ይለቃል። ስድስት ሰዎች በስምንት ሰዓት ወደ 2 ሊትር ይጠጋሉ፤ የራት ምግብ የተበሰለበት እንፋሎትም በዚህ ላይ ይታከላል። ስለዚህ ማለዳ ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ከቤተሰቡ የራሱ ትንፋሽና ከድስቱ የወጣ ውኃ ነው።

ጉዳዩ በመገረም ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ጠብታው የሚወርደው በጆንያ በተቀመጠ በቆሎ ላይ ሊሆን ይችላል። እስከ 13 በመቶ እርጥበት ድረስ የደረቀ በቆሎ በደኅና ይቀመጣል፤ እንደገና የረጠበ ግን ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታዎቹም አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። በሻጋታ አየር ውስጥ የሚያድር ሕፃንም ለሳልና ለአስም ይጋለጣል።

ጨው ወደኋላ ይቀራል

የኮራሉ ሣጥን አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለው። የሚተነው ውኃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። የባሕር ውኃ በኪሎግራም 35 ግራም ያህል ጨው አለው። 500 ሊትር ከሚይዘው ሣጥን በቀን 5 ሊትር እየተነነ ለ10 ቀን ሳይተካ ቢቀር፣ ውኃው 450 ሊትር ይሆናል፤ የጨዉም ክምችት ወደ 39 ይጠጋል። ስለዚህ የጎደለው የሚተካው በንጹሕ ውኃ እንጂ በጨው ውኃ አይደለም።

ያልተተካ ባሕር ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። የደናክል ዝቅተኛ ምድር ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት በዳርቻው ኮራሎች አድገው ነበር፤ ቅሪታቸው ዛሬም በዚያው ይታያል። ከዚያም መግቢያው ተዘጋ፤ ፀሐይ ውኃውን አተነነችው፤ ጨው ቀረ። አባቶቻችን በየገበያው በገንዘብነት የተገበያዩበት አሞሌ የተቆረጠው ከዚህ የጨው ምድር ነው። ደናክል የጎደለውን የሚተካ ያጣ ታላቅ አኳሪየም ነበር ማለት እንችላለን።

በደጋ አገር የሚለወጠው

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊትም የባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ተማሪዎች «አየሩ ስስ ስለሆነ የሚይዘው ተን ያንሳል» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከላይ የሰጠነው ገደብ በሙቀት እንጂ በአየሩ ግፊት የሚወሰን አይደለም። በስስ አየር ውስጥ የተን ሞለኪውሎች የሚጋጩት ከጥቂት ሞለኪውሎች ጋር ስለሆነ ፈጥነው ይሠራጫሉ፤ ትነትም ይፈጥናል። በአንጻሩ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ በደጋ አገር ዓሣ የሚያረባ ሰው ውኃውን አብዝቶ ማናፈስ አለበት።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ተኑን ከምንጩ መቀነስ። ሣጥኑን መክደን ትነትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውኃውን ያሞቃል፤ ስለዚህ ከክዳኑ ጋር ኃይል ቆጣቢ መብራትና ፓምፕ መምረጥ ያስፈልጋል። በመኖሪያ ቤት ድስትን መክደንና ማብሰያውን ከመኝታ መለየት ይህንኑ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ተኑን ማስወጣት። የውጭው አየር 10 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ያለው ቢሆን 7.5 ግራም ተን ይይዛል። የክፍሉን አየር በ10.4 ግራም ለማቆየት፣ የሚገባው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2.9 ግራም ይዞ ይወጣል፤ 208ቱን ግራም ለማስወጣት በሰዓት 72 ሜትር ኩብ ያህል አየር መለዋወጥ አለበት። ውጭው ብርድ እንኳ ቢሆን ቀዝቃዛ አየር ሲሞቅ ደረቅ ስለሚሆን መስኮት መክፈት ያደርቃል እንጂ አያረጥብም። ከጣሪያው ሥር የሚተው መተንፈሻ ክፍተትም አገልግሎቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዝቃዛውን ገጽ ማስወገድ። ኮርኒስ በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል አየር ስለሚያቆም ተኑ የሚነካው ገጽ ከጤዛ ነጥብ በላይ ይቆያል። ኮርኒስ መሥራት ያልቻለ ሰው ቢያንስ እህሉን በርብራብ ላይ ያስቀምጥ፤ ከግድግዳ ያርቀው፤ ጠብታ ከሚወርድበትም ቦታ ያሽሸው።

የተማሪዎች ሙከራ

የሚያብለጨልጭ የጣሳ ዕቃ ግማሽ ድረስ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩ፤ ቴርሞሜትር አስገቡ። ቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉ። በጣሳው ውጫዊ ገጽ ላይ ጉም መሰል ጤዛ መታየት ሲጀምር የሙቀቱን መጠን መዝግቡ፤ የክፍላችሁ የጤዛ ነጥብ ይህ ነው። ሙከራውን በሩ ተዘግቶ ባደረ ክፍል ማለዳ፣ ከዚያም መስኮቱ ለግማሽ ሰዓት ከተከፈተ በኋላ ድገሙት። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የኮራሉን ሣጥንና የካቺሲን ቆርቆሮ በአንድነት ያስረዳችኋል። እኛ ግድግዳ ካስፈረስን በኋላ የተማርነውን እናንተ በአንድ ጣሳ ውኃ ትማሩታላችሁ።