እንጨቱ ምን ይመሰክራል?
ስለ ንዋያተ ቅድሳት ምንጭ ከዕፅዋት የሚገኝ ማስረጃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየአጥቢያችን ዕቃ ቤት «ከጥንት የነበረ»፣ «ንጉሡ የሰጡት»፣ «ከኢየሩሳሌም የመጣ» የሚባል መስቀል፣ ሥዕል ወይም መቋሚያ አይጠፋም። ይህን ቃል ያቆዩልን አባቶቻችን ስለሆኑ በአክብሮት ልንሰማው ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሑፍ በሌለበት ጊዜ ዕቃው ራሱ ስለ ራሱ ሊመሰክር ይችላልን? ከእንጨት ወይም ከሌላ ዕፅ የተሠራ ከሆነ፣ አዎን፣ በመጠኑ ይችላል። የዛሬው ትምህርታችን ይህ ምስክርነት እስከ ምን እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየናል።

1. እንጨት በምን ይለያል?

አናጢ ወይራን በክብደቱ፣ ጽድን በሽታው፣ ዋንዛን በቅለቱና በቀለሙ ይለያል። ለብዙ ዘመን በዕጣን ጭስ የጠቆረ እንጨት ግን ሽታውም ቀለሙም አይገኝም። ስለዚህ የዕፅዋት ተመራማሪ ውስጡን ይመለከታል። ከእንጨቱ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ በሦስት አቅጣጫ ይወስድና በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጽድና ዝግባ ውኃ የሚያልፈው በጠባብ ሕዋሶቻቸው ብቻ ነው፤ ሰፊ ቧንቧ የላቸውም። ወይራና ዋንዛ ግን ቧንቧ አላቸው።

የዛፉ ዓይነት ከታወቀ በኋላ «ይህ ዛፍ የት ይበቅላል? ከመቼ ጀምሮ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለምሳሌ ለጠረጴዛና ለሣጥን የሚፈለገው ዋንዛ ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ባለና ሞቅ ባለ አገር የሚበቅል ዛፍ ነው። በእንጦጦ ላይ የዋንዛ ገበታ ብናገኝ፣ እንጨቱ ከታች ወደ ላይ የወጣ መሆኑን እንረዳለን።

2. ባሕር ዛፍ የዘመን ምልክት ነው

ከየካ ወደ ዋሻ ሚካኤል ብንወጣም ሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ብንወጣ፣ በዳገቱ ላይ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። ብዙዎቻችን ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረ ይመስለናል። ስሙ ግን ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይነግረናል። አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የተራራው የቀድሞ ልብስ ጽድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰለው የአገር ዛፍ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የእንጨት መስቀል «በዘውዱ በዓል ካህናት የያዙት ነው» ቢባልና ሲመረመር ባሕር ዛፍ ሆኖ ቢገኝ፣ አባባሉ ለመቆም ይቸግረዋል። ዛፉ ገና ወደ ከተማው አልደረሰም ነበርና።

ነገር ግን ቸኩለን አንፍረድ። መስቀሉ ናስ፣ ዘንጉ ብቻ ባሕር ዛፍ ቢሆን፣ አዲሱ ዘንጉ እንጂ መስቀሉ ላይሆን ይችላል። ዘንግ ይሰበራል፤ ይለወጣልም። በሌላ በኩል ደግሞ መስቀሉ ከጽድ መሠራቱ ጥንታዊ ነው አያሰኘውም፤ ጽድ ዛሬም ይጠረባል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የዕፅዋት ማስረጃ ስሕተቱን ለመግለጥ ብርቱ ነው፤ እውነቱን ለማጽናት ግን ብቻውን አይበቃም።

3. ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌዎች

በጣልያን አገር በቱሪን ከተማ የሚገኘውና ብዙዎች የጌታችን መግነዝ ነው የሚሉት ጨርቅ ከተልባ እግር የተሠራ ነው። ማክስ ፍራይ የተባለ የስዊስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1978 በሚጣበቅ ፕላስተር ከጨርቁ ላይ የአበባ ብናኝ አንሥቶ፣ ከፍልስጥኤምና ከቱርክ ዕፅዋት የመጣ አገኘሁ አለ። ሌሎች ግን «በብናኝ ብቻ ዝርያን ለይቶ መናገር አዳጋች ነው፤ ብናኝ በነፋስና በሰው ልብስም ይመጣል» ሲሉ ተከራከሩት።

እ.ኤ.አ. በ1988 በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በአሪዞና ያሉ ሦስት ቤተ ሙከራዎች ጨርቁን በራዲዮካርቦን መረመሩት። ዕፅ በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን ይወስዳል፤ ሲቆረጥ መውሰዱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው አንደኛው የካርቦን ዓይነት በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ተልባው ከ1260 እስከ 1390 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን የማይቀበሉ ስላሉ ክርክሩ ዛሬም አልቆመም።

ሁለተኛው በሮም በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰሌዳ ነው፤ በጌታችን ራስጌ የተሰቀለው ጽሑፍ ክፍል ነው ይባላል። እንጨቱ ዋልነት የተባለው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በምሥራቅም በአውሮፓም ስለሚበቅል፣ ዓይነቱ ብቻ ነገሩን አልቆረጠውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የራዲዮካርቦን ውጤት ግን እንጨቱን ከ980 እስከ 1146 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን አደረገው።

4. እንጨቱ የማይናገረው

አንድ እንጨት ከየትኛው ተራራ እንደተቆረጠ ቢታወቅ እንኳ፣ ማን እንደ ተሸከመው፣ ማን በፊቱ እንዳለቀሰና እንደ ጸለየ እንጨቱ አይናገርም። በትውፊታችን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ በግሼን ደብር እንደተቀመጠ እናምናለን፤ መስከረም 21 ቀንም እናከብራለን። ወደ ግሼን የሚጓዘው ምእመን የሚሄደው የእንጨት ዓይነት ሊያጣራ ሳይሆን የተሰቀለውን ጌታ ሊያስብ ነው። እምነታችን በማይክሮስኮፕ አልተመሠረተም፤ ስለዚህም ምርመራን የምንፈራበት ምክንያት የለም። ሐሰተኛ ወሬ ግን እምነትን አይረዳም፤ ያሳፍራል እንጂ።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አዲስ እንጨት በጭስ አጥቁረው «ጥንታዊ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። በአንጻሩ እውነተኛው ቅርስ ባለማወቅ ይጠፋል። ስለዚህ፦

ሀ. ንዋያተ ቅድሳትን የሚነኩት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። ጽዳት ስንታዘዝ በእነርሱ መሪነት ብቻ እንሥራ።
ለ. አሮጌ እንጨት አንፋቅ፣ ዘይትም ቫርኒሽም አንቀባ፤ ማስረጃው ይበላሻል።
ሐ. የተሰበረ ዘንግና የተነቀለ ገበታ ለማገዶ አይጣል። ምናልባት ጥንታዊው ክፍል እርሱ ነው።
መ. በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ መዝገብ ስንይዝ «አባቶች እንደ ነገሩን»፣ «በዓይን እንደሚታየው»፣ «በባለሙያ እንደተረጋገጠው» ብለን ሦስቱን ለየብቻ እንጻፍ። አንዱን ከሌላው አንቀላቅል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ መስቀል ከወይራ መሠራቱ ጥንታዊነቱን የማያረጋግጠው ለምንድር ነው?
2. ዋሻ ሚካኤል ከዓለት የተፈለፈለ ነው። በዙሪያው ባለው ባሕር ዛፍ ዕድሜውን መገመት የማይቻለው ስለ ምን ነው?
3. በአጥቢያችሁ ታሪካቸውን የሚያውቁ አረጋውያን ሳያልፉ መጠየቅ ያለባቸው የትኞቹ ዕቃዎች ናቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።