ስለ እናቶቻችን ስልክና ስለ ኮዱ፤ ከውጭ ለምትመለሱና ከውጭ ለምትልኩ ወገኖች

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ካራ ቆሬ ባለው በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች በየቤቱ በሚገቡበት በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ «ስልክና ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም የወጣለት ሰው ዕረፍት የለውም፤ ይህ ስም ከወጣላቸው አንዱ እኔ ስለ ሆንሁ፣ ያንኑ ጥያቄ በየደጃፉ ስመልስ ከመኖር አንድ ጊዜ ጽፌ ለሚያነብ ሁሉ መስጠትን መረጥሁ። ቃሌ የከረረ መስሎ ከታያችሁ ያከረረው ያየሁት ጥፋት ነውና ታገሡኝ።

ስለ ደንቡ ብዙ አልናገርም፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ይነገራችኋል። ሲም ካርድ ለማውጣት ፓስፖርታችሁን ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ወደ ጀመረው ወደ ሳፋሪኮም መሸጫ ትሄዳላችሁ፤ የፊተኛው ቁጥር በ09፣ የኋለኛው በ07 ይጀምራል። ለመቀመጥ የመጣ ሰው የፋይዳ መታወቂያውን ሳይውል ሳያድር ያውጣ፤ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ይጠየቃልና። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ቴሌብርንም ተማሩ፤ ብዙ ክፍያ በእርሱ ሆኗል።

ስለ ዕቃው ጥቂት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120፤ ስለዚህ ማናቸውንም ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ «100-240» የሚል ከሆነ ይሠራል፣ «120» ብቻ የሚል ከሆነ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚገድለው የመብራቱ አመጣጥ ነውና። በዱቤ የገዛችሁትንና ዕዳው ያላለቀውን ስልክ ለዘመድ አታምጡ፤ የእዚያ አገር ኩባንያ ስለ ቆለፈው የእኛን ሲም አይቀበልም። አይፎን ስትሰጡም ከራሳችሁ አይክላውድ ሳታወጡ አትስጡ፤ እናንተ ተሳፍራችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ስልኩ የይለፍ ቃል እየጠየቀ የጠረጴዛ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ዋይፋዩ አይደርስም ብላችሁ የምትከሱት ራውተርም ብዙ ጊዜ በደሉ የእርሱ አይደለም፤ እናታችን ከቡፌው ውስጥ በብርጭቆዎቹ ኋላ አስቀምጠው ዳንቴል አልብሰውታልና፣ አውጡት፣ ከፍ ባለ ቦታ ይተንፍስ፣ ከሥሩ የተለጠፈውንም የይለፍ ቃል ለውጡ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ቢበዛ አንድ ዕቃ ያሳጣል። ቤተሰብ የሚያሳጣው ወጥመድ ሌላ ነው፤ እርሱን ግን በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ሰው «ሀክ ተደረግሁ» ሲል፣ አንድ ረቂቅ ሊቅ በሥውር ቦታ ተቀምጦ በጥበቡ ኃይል የስልኩን ውስጥ እንደ ሰበረ አድርጎ ያስባል፤ እኔ ባየኋቸው ሁሉ ግን በሩ የተከፈተው ከውስጥ፣ በባለቤቱ እጅ፣ ያውም በትሕትና ነው። አንዲት በአየር ጤና በኩል የሚኖሩ፣ ስልክ መነካካትን ከልጅ ልጃቸው የተማሩ እናት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ቀርቦ ሳለ ከጽዋ ማኅበራቸው ከአንዱ አባል፣ ከነስሙ ከነፎቶግራፉ፣ በቴሌግራም መልእክት ደረሳቸው። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የማኅበርተኛውን ሁሉ ስልክ ወደ አዲስ ግሩፕ እያስገባሁ ነው፤ አሁን አምስት ቁጥር ይመጣልዎታል፤ እርሱን ቢልኩልኝ ያልቃል» ይላል። ቁጥሩ መጣ። ከቁጥሩም ጋር «ይህን ለማንም አትስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ መጣ፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ዳዊት የሚደግሙት እናት ለእርሳቸው ለራሳቸው የተላከውን ማስጠንቀቂያ ሊያነቡት አልቻሉም። ፊደል መልቀሙም ስለ ከበዳቸው የድምፅ መቅጃውን ተጭነው ቁጥሩን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ሲጨርሱም «ስለ ደከምህልን እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው መረቁት።

የጻፈላቸው ማኅበርተኛው አልነበረም፤ የእርሱ ቴሌግራም ቀድሞ ተሰርቆ ነበር፤ እርሱም እንዲሁ በስልኩ የመጣለትን ቁጥር፣ ማለት የመግቢያውን ኮድ፣ ለሌላ ወዳጁ ሰጥቶ ነው። እንዲሁ እያለ ከማኅበር ወደ ዕድር፣ ከዕድር ወደ ቤተ ዘመድ ይዛመታል። ምክንያቱ ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ «ለልጄ በውድድር ድምፅ ስጡልኝ»፣ አንድ ጊዜ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ አንድ ጊዜም «ኮዴ በስሕተት ወደ እርስዎ መጥቷል» ይባላል፤ የሚፈለገው ግን ምንጊዜም ያው ኮድ ነው።

ሌባው በኮዱ ወደ እናት ቴሌግራም ከገባ በኋላ አስቀድሞ የሚያደርገው ማንበብ ነው። እናት ልጃቸውን «አባቴ» እንደሚሉት፣ ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ታላቂቱ ልጅ ቍጡ፣ ታናሹ ግን የሚራራ እንደ ሆነ ከቆየው መልእክት ይማራል፤ ቀድሞ የላኩትንም የድምፅ መልእክት እንደገና ሊልከው ይችላል። ከዚያም ሰዓቱን ይመርጣል። በፈረንጅ ክረምት ዋሽንግተን በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት በሚሆንበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነውና፣ ልጁ ሥራ ላይ፣ እናት እንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ «አባቴ፣ ደሜ ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ፤ እኅትህን እንዳታስደነግጣት፤ ገንዘቡን በዚህ ሒሳብ ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። የሒሳቡ ስም የማይታወቅ ሰው ስም ነው፤ «የሐኪም ቤቱ ሠራተኛ ነው» ይባላል። ልጁም ይልካል።

ለምን አልደወለም? ይህን ጥያቄ ከተበሉት ለብዙዎቹ አቅርቤዋለሁ፤ መልሱም አንድ ዓይነት ነው፤ አፈሩ። እናት «ታመምሁ» ስትል «በእርግጥ አንቺ ነሽ?» ብሎ መመርመር ንፉግነት ሆኖ ይታያል፤ ገንዘብ ላለመስጠት ሰበብ የፈለገ ያስመስላል፤ ስለዚህ ይሉኝታ ይዞት ሳይጠይቅ ይልካል፤ ሌባውም የሚተማመነው በዚህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ ወዲህም ጭንቁ ባሰ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ እዚህ ያለው ዘመድ «ለእነሱ ምንም አይደል» ይላል፣ እዚያ ያለው ደግሞ ሌሊቱን በታክሲ፣ ቀኑን በመጋዘን የሚያድርና የሚውል መሆኑን ለመናገር ኩራቱ አይፈቅድለትም። የደመወዙን ልክ ለእናቱ ነግሮ የማያውቅ ሰው፣ ሌባ በእናቱ ስም ብዙ ሲጠይቀው እንኳ «ይህ የእናቴ አነጋገር አይደለም» ለማለት አይችልም። እውነቱን ንገሯቸው፤ እናቶቻችሁ ከምትገምቱት ይልቅ አስተዋዮች ናቸው።

አሁን መድኃኒቱን ልንገራችሁ። በእናታችሁ ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አኑሩ፤ ወደ ቅንብሩ ገብታችሁ ስለ ምስጢርና ጥበቃ ከሚናገረው ክፍል ታገኙታላችሁ። ይህ ካለ፣ ኮዱ ለሌባ ቢነገር እንኳ ብቻውን አያስገባም። ለማስመለሻ የሚጠየቀው የኢሜይል አድራሻ ከቤተሰቡ የአንዱ ይሁን፤ ስልኩን የሸጠው ልጅ በሱቁ የከፈተው ኢሜይል ከሆነ፣ የእናታችሁ ቍልፍ በባለሱቁ ኪስ ነው። ለዋትሳፕም እንዲሁ ስድስት አኃዝ ያለውን የራሱን ፒን አድርጉለት። ያንን በእንግሊዝኛ የሚመጣ ማስጠንቀቂያም በአማርኛ በትልልቁ ጽፋችሁ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጥፉ፤ «በስልክ የሚመጣ ቁጥር ለልጅም፣ ለቄስም፣ ለባንክም አይነገርም» ይበቃል። የንስሐ አባት ያልተጠቀሰበት ማስጠንቀቂያ በእኛ ሰፈር ቀዳዳ እንዳለበት ስላየሁ ነው ቄስን የጠቀስሁት፤ አባቶች ይቅር ይበሉኝ።

ከዚህ በላይ አንድ ስምምነት አድርጉ፤ ይኸውም የገንዘብ ነገር በጽሑፍ በመጣ ቁጥር፣ እናት እስኪገኙ ድረስ በተራው ስልክ መደወልና ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር መጠየቅ ነው። መደወሉ ውድ ነው የምትሉ፣ ከምትልኩት ጋር አስተያዩት። ይህን አሁን በደኅናው ቀን ከተስማማችሁ በጭንቅ ቀን መጠየቁ ስድብ አይሆንም። የቤቱንም፣ የጎረቤቱንም ተራ ቁጥር በወረቀት ያዙ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔቱ ከሦስት ሳምንት በላይ በተቋረጠ ጊዜ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራምና ፌስቡክ በታገዱ ጊዜ፣ የእናቱን የስልክ ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ስንት ጎልማሳ እንዳለ ተገልጧል።

ሌላም የተከፈተ በር አለ፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማስረጃ ለማሳተም በየመንገዱ ዳር ወዳለው ሱቅ ትገቡና፣ ፍላሽ ስላልያዛችሁ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ቴሌግራም ትከፍታላችሁ፤ ወረቀቱ ይወጣል፣ አምስት አሥር ብር ትከፍላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፤ ቴሌግራማችሁ ግን ከነፓስፖርታችሁ ቅጂ እዚያው ተከፍቶ ይውላል። የምታሳትሙትን ብቻ በፍላሽ ውሰዱ፤ ከፍላሹ ቫይረስ ይዛችሁ እንዳትመለሱ ግን በውስጡ ሌላ ነገር አታኑሩበት። ወደ ውጭ ስትመለሱ እዚህ የምትተዉት የ09 ቁጥርም ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ይሰጣልና፣ ቴሌግራማችሁን በእርሱ ላይ አትተዉ።

ነገሩ ደርሶ ከተገኘ ግን አትደብቁት። እናት አፍረው ዝም ይላሉ፣ ልጅም አፍሮ ዝም ይላል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌባው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ልጅ ይሻገራል። ወዲያው የእናትን ስልክ አንሡና በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍታችሁ ከዚህ ስልክ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጡ፤ አዲስ የገባ መሣሪያ ባለቤቱን እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊያስወጣ ስለማይችል፣ በዚያው ቀን የነቃ ያሸንፋል። ዋትሳፕ ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር እንደገና ግቡ፤ ኮዱን እንዳስገባችሁ ሌባው ይወጣል፤ እርሱ ፒን አኑሮበት ቢሆን እንኳ ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ እንጂ እርሱ ውስጥ አይቆይም። ለቤተ ዘመዱና ለማኅበሩም በስልክ ተናገሩ።

ገንዘብ ተልኮ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥሪ ወደ ባንኩ ነው፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊታገድ ይችላል፤ ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሁለተኛው ጥሪ ወደ ፖሊስ፣ በ991 ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የወጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ስለ ሆነ፣ መልእክቱን ሳታጠፉ፣ የሒሳቡን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፋችሁ ሂዱ። ስልኩን ይዛችሁ ወደ እኔ የምትመጡት ከሁለቱ በኋላ ነው።