በፍጥሞ ወደብ የአንድ ቀን ጉዞ

ፍጥሞ የሚለውን ስም ከሕፃንነታችን ጀምረን ስንሰማው ኖረናል። ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምንስለው ግን ማዕበል የሚመታውን ባዶ ቋጥኝና በላዩ ብቻውን የተቀመጠውን አንድ ሽማግሌ ነው። ደሴቲቱ ግን ወደብ አላት፤ ጥንትም ነበራት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ አንድ መንገደኛ በዚያ ወደብ ወርዶ እስኪመሽ ድረስ የሚያየውን ተከትለን፣ የራእዩን መጽሐፍ ከወደቡ በኩል ልናየው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

ፍጥሞ በግሪክ አገር፣ በኤጅያን ባሕር፣ ከቱርክ ጠረፍ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሕዝቧ ወደ 3,000 ይጠጋል። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ባለጠጋውም ተማሪውም የሚገባው በመርከብ ነው፤ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ የተነሣ ሰው ስምንት ሰዓት ያህል በባሕር ላይ ይቆያል። የወደቡ ከተማ ስካላ ይባላል፤ ቃሉ በግሪክኛ ደረጃ፣ ደግሞም ከመርከብ መውረጃ ማለት ነው። ነጫጭ ቤቶች፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች፣ ቡና ቤቶችና ሱቆች በባሕሩ ዳር ተደርድረዋል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ገዳሙ ይቸኵላል። ሆኖም ከወደቡ በስተ ጀርባ ካስቴሊ በተባለው ኮረብታ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የቅጥር ፍርስራሽ አለ። በዚያን ዘመን ደሴቲቱ በሚሊጢን ከተማ ሥር ነበረች። ሚሊጢን ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ቀሳውስት አስጠርቶ የተሰናበተባት ከተማ ናት። እንግዲህ ቅዱስ ዮሐንስ በድምጥያኖስ ዘመን፣ በ95 ገደማ፣ ተግዞ ሲመጣ ያገኛት ሰው የሚኖርባትን፣ ጀልባ የሚመላለስባትን ደሴት ነው።

ከስካላ በተራራው ራስ ላይ ወዳለችው ኮራ ወደምትባለው ከተማ አውቶቡስ ይሄዳል። ጕልበት ያለው ግን በድንጋይ የተነጠፈውን የጥንት የእግር መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል። ዋሻውና ገዳሙ በብዙ ቀናት ከቀትር በኋላ ስለሚዘጉ በጠዋት መነሣት ያስፈልጋል። በዳገቱ እኩሌታ ላይ መንገደኛው ወደ ዋሻው ይደርሳል፤ ግሪኮቹም ቦታውን የሚጠሩት «አፖካሊፕሲስ» በሚለው ቃል ነው። የእኛ ሊቃውንት «አቡቀለምሲስ» የሚሉትም ይኸው ቃል ነው፤ በዐረብኛ በኩል ዞሮ ስለ መጣልን መልኩ ተለውጧል እንጂ። ትርጕሙ የተሸፈነውን መግለጥ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን ከጥፋት ጋር ብቻ ማያያዛችን ያሳዝናል።

ዋሻው ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ የተሠራ ጠባብ ቦታ ነው። በጣሪያው ዓለት ላይ በሦስት የተከፈለ ስንጥቅ ይታያል፤ የአገሩ ትውፊት ድምፁ የሰነጠቀውና የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላል። ወንጌላዊው ራሱን ያሳረፈበት የተባለውም ጎድጓዳ ዙሪያው በብር ተለብጧል። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ነው የሚሉትንም ቦታ ያሳያሉ።

ከዋሻው ውጪ ወደ ታች ሲመለከቱ ወደቡ ይታያል። እኛ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንወዳለን። ራእዩ የተላከው በስም ለታወቁ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እነርሱም ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ምድር ላይ ነበሩ። ኤፌሶን ከፍጥሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ካርታ ዘርግተን በጣታችን ብንከተል፣ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን እያለ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከዚያም በትያጥሮን፣ በሰርዴስና በፊልድልፍያ አድርጎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሎዶቅያ ይወርዳል። ይህ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ መልእክተኛ ሊከተለው የሚችለው ቅደም ተከተል ነው። መልእክቱ ግን አስቀድሞ በጀልባ ባሕሩን መሻገር ነበረበት። ለግዞተኛው አጥር የሆነው ባሕር ለደብዳቤው መንገድ ሆነ ማለት ነው። ከእኛ መካከል መጽሐፉን የቍጥር እንቆቅልሽ ብቻ አድርገው፣ እገሌ አውሬው ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ። የሎዶቅያ ምእመናን ግን ደብዳቤው ሲነበብላቸው ስለ ራሳቸው ለብ ማለት ነበር የሰሙት።

በኮራ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ የባሕር ወንበዴ የሚፈራበት ዘመን ነበርና። በ1088 ንጉሡ አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ለመነኵሴው ለክርስቶዱሎስ ሰጥቶት ተመሠረተ። በቤተ መጻሕፍቱ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ከተጻፈ የማርቆስ ወንጌል 33 ቅጠል ይገኛል። ብራና ሲፋቅና ሲዳመጥ ላየ የእኛ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቍርባን የተለየን ብንሆንም፣ በጸሎተ ሐሙስ የገዳሙ አበምኔት በአደባባይ የ12 መነኰሳትን እግር ማጠቡን ስንሰማ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንብንም።

ማታ መንገደኛው ወደ ስካላ ወርዶ መርከቡን ይጠብቃል። መርከብ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ምዕራፍ 21ን ለማንበብ ጊዜ አያጣም። አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ባየ ጊዜ ዮሐንስ፣ ባሕር ከእንግዲህ ወዲህ አለመኖሩንም ጽፏል።