ድንገት የሚጠፋ ኮምፒዩተር፦ ዕቃ ከመቀየራችን በፊት



ከመካከላችን ዴስክቶፕ ያለን ብዙዎቻችን ያለቀለትን ገዝተን ሳይሆን ዕቃውን አንድ በአንድ ሰብስበን የገጣጠምነው ነው። ማዘርቦርዱ ከአንዱ ሱቅ፣ ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ከሌላው፣ ኬዙ ደግሞ ከተመረቀ ወንድም የተወረሰ። እንዲህ ያለው ማሽን በሰላም ሲሠራ ቆይቶ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ድንገት ጭልም ማለት ይጀምራል። ያኔ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ "ፓወር ሳፕላዩ ነው፣ ቀይረው።" አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ልክ ካልሆነ ግን የተማሪ የቀለብ ገንዘብ ወጥቶ ማሽኑ በማግስቱ ያው ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ እትም ብር ከማውጣታችን በፊት ምክንያቱን እንዴት እንደምናጠብ እናያለን።

ምርመራው ማሽኑ ሆን ተብሎ እንዲጠፋ ማድረግን ስለሚጨምር፣ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ፋይል ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ይህን ሳታደርጉ አትቀጥሉ።

ቀጥሎ አጠፋፉን ልብ በሉ። ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጽሑፍ አሳይቶ እንደገና የሚነሳ ማሽን ከሆነ፣ ስህተቱን ያየው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ራም፣ ድራይቨር ወይም ዲስክ እንጠረጥራለን። ራሙን ሜምቴስት 86 በሚባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ማስፈተሽ ይቻላል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ምንም ሳይናገር በቅጽበት የሚጨልመው ነው። ይህ ማለት ወይ ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል፣ ወይ አንድ መከላከያ ራሱ ቆርጦታል።

ኢቨንት ቪወር ውስጥ ገብታችሁ "ከርነል ፓወር 41" የሚል ካገኛችሁ ቶሎ አትደምድሙ። ስሙ ውስጥ ፓወር የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው ፓወር ሳፕላዩን ይኮንናል። መዝገቡ የሚናገረው ግን ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ፤ በነጻ የሚፈተሽና ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚታለፍ እሱ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ያየነው የአንድ ወንድም ማሽን ሲሙሌሽን በጀመረ ቁጥር ይጠፋ ነበር። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ 48 ዲግሪ ስለሚያሳይ "ሙቀት አይደለም" ተብሎ የአዲስ ፓወር ሳፕላይ ዋጋ ተጠይቆ ነበር። ያለ ሥራ የተለካ ሙቀት ግን ምስክር አይሆንም። ኤች ደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተን ንባቡን ወደ ፋይል እንዲጽፍ አደረግንና በፕራይም 95 ፕሮሰሰሩን አስጨነቅነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 100 ዲግሪ አልፎ ጠፋ። እንደገና ሲበራ የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ሁሉንም ተናገረ።

ኬዙን ከፍተን ኩለሩን ነካ ስናደርገው በአንድ ጎኑ ተነሳ። ከብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር የሚመጣው ኩለር ተጭነው የሚቆለፉ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ አንዱ አልተቆለፈም ነበር። ፕሮሰሰር ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ራሱን ለማዳን ማሽኑን ያጠፋል። የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርገን የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርገን እግሮቹን በሰያፍ ተራ ቆለፍናቸው። ከዚያ በኋላ በሙሉ ጭነት 74 ዲግሪ ላይ ቆመ። አቧራም ይህንኑ ያደርጋል፤ የፋኑንና የኩለሩን ክፍተት በብሩሽ መጥረግ አትርሱ።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ጭነቱን ለየብቻ ፈትሹ። ፕራይም 95 ፕሮሰሰሩን ብቻ፣ ፈርማርክ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ያስጨንቃል። ሁለቱም ለየብቻ ሲሠሩ ችለው አንድ ላይ ሲሆኑ ከጠፋ፣ ፓወር ሳፕላዩ አልቻለም የሚለው ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል። ከጠፋ በኋላ የማብሪያው ቁልፍ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ እስኪመለስ ድረስ እምቢ ካለ ደግሞ የፓወር ሳፕላዩ መከላከያ እንደቆረጠ ጥሩ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ትልቁ ቁጥር 500 ዋት ሊል ይችላል፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት ግን በዋናነት ከ12 ቮልት መስመር ነው። በዚያ መስመር የተጻፈው 25 አምፒር ከሆነ 12 ጊዜ 25፣ 300 ዋት ብቻ ነው። በተጨማሪም ግራፊክስ ካርድ ለማይክሮሰከንዶች ከአማካዩ እጅግ የበለጠ ኃይል ሊስብ ይችላል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ደረጃ ይህን ግምት ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። መልቲሜትር ካላችሁ የ12 ቮልቱ መስመር በጭነት ላይ ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት፤ ቅጽበታዊውን መውረድ ግን መልቲሜትር አያየውም። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ካለው ደግሞ ከአንድ ገመድ ከመቀጠል ሁለት የተለያየ ገመድ ተጠቀሙ። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሊገድል የሚችል ቻርጅ ይይዛል።

ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ሌላም ነገር እንይ። የምትኖሩበት ጊቢ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በቀጭን መስመር ላይ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፤ ማሽኑም በዚያው ሰዓት ከጠፋ ፍንጩ ግልጽ ነው። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ እንደ ደረጃው ከ12 እስከ 17 ሚሊሰከንድ ያህል መቋረጥን ይችላል፤ ያረጀው ያንንም አይችልም። የጠፋበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ መዝግቡ። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ባትሪ ስለሌለው ቅጽበታዊ መቋረጥን አያሳልፍም፤ ያንን የሚሠራው ዩፒኤስ ነው። የላላ ዲቫይደርም ተመሳሳይ ጣጣ ስላለው ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ።

በርቶ አራት ሰከንድ ገደማ ላይ የሚጠፋ ከሆነ የማብሪያው ቁልፍ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከማዘርቦርዱ ላይ ገመዱን ንቀሉና ሁለቱን እግሮች በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ለአፍታ ነክታችሁ አብሩት። መጥፋቱን ካቆመ ጥፋቱ የኬዙ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥታችሁ ካርቶን ላይ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ያለቦታው የገባ የብረት ማቆሚያ ወይም የወደቀ ብሎን ሾርት እያደረገው ሊሆን ይችላል። በፕሮሰሰሩ፣ በኩለሩና በአንድ ራም ብቻ አስነሱት፤ ከዚያ አንድ ዕቃ እየጨመራችሁ ጠብቁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አታውቁም። ከጓደኛ በተዋሳችሁት ደህና ፓወር ሳፕላይም እየጠፋ ከሆነ የሚቀረው ማዘርቦርዱ ወይም፣ አልፎ አልፎ፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ያን ጊዜ ወደ ጥገና ስትወስዱት ዲስኩን ነቅላችሁ ቤት አስቀሩ፤ ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም።