ዓይን የማያየውን ቀለበት ስለ መለካት

እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1825 (ዘመኑ ኹሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ቤንዚን የተባለውን ፈሳሽ ለይቶ አወጣ። ስሙ ከአውቶሞቢል ነዳጅ ጋራ ቢተባበርም ነገሩ ሌላ ነው። በ1865 ጀርመናዊው ኬኩሌ፥ የቤንዚን 6 የካርቦን አቶሞች እንደ ቀለበት ተያይዘዋል ብሎ አስተማረ። ነገር ግን ቀለበቱን ያየ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው ወይስ እንደ አልማዝ አቶሞች ከፍና ዝቅ ያለ ነው የሚለው ነገር ሳይቈረጥ ከ60 ዓመት በላይ ቈየ።

የማይታየው ነገር በምን ይለካል? መምህር ሆይ፥ በሌሊት ተማሮችህን ሰብስበህ በሩቅ የሚበራውን መብራት በስስ የጃንጥላ ጨርቅ ውስጥ አሳያቸው። አንዱ ብርሃን በመስቀል አምሳል በተሰለፉ ነጠብጣቦች ተከፍሎ ይታያል። ጨርቁን ብታዞረው ነጠብጣቦቹ ዐብረው ይዞራሉ፤ ክሩ በተቀራረበ መጠንም እነርሱ ይራራቃሉ። እንግዲህ ክሩን ሳያዩ የሽመናውን ልክ ማወቅ ይቻላል።

ክሪስታልም፥ እንደ ጨው ያለው፥ አቶሞቹ በሥርዐት የተደረደሩለት ጠጣር ነገር ነው። አቶሞቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ግን የዓይን ብርሃን አይበቃም፤ ሐኪም አጥንት የሚያይበት የራጅ ጨረር ያስፈልጋል። ጨረሩ በክሪስታል ተበትኖ በፎቶግራፍ ላይ ነጠብጣብ እንደሚጥል በ1912 በጀርመን አገር ማክስ ፎን ላውዌ ባመለከተው መንገድ ተገለጠ።

በ1903 በአየርላንድ የተወለደችው ካትሊን ሎንስዴይል፥ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የሄክሳሜቲል ቤንዚንን ክሪስታል መረመረች። ይህ ጠጣር ነገር የቤንዚን ቀለበት ነው፤ በ6ቱ ማዕዘን ግን አንዳንድ ካርቦን ከነሃይድሮጅኑ ተጨምሮበታል። በክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ በሚገኘው ትንሽ ክፍል አንድ ሞለኪዩል ብቻ ስለ ነበረ፥ ሞለኪዩሎቹ ኹሉ ባንድ አኳኋን እንደ ተኙ ዐወቀች። የተመለሱት ጨረሮች ብርታት ከስሌቱ ጋራ የተስማማው አቶሞቹ ባንድ ዝርግ ላይ ሲኾኑ ነው። ስለዚህ በ1929 ቀለበቱ ዝርግ፥ ጐኖቹም እኩል መኾናቸውን አስታወቀች።

ዛሬ በታወቀው ልክ የቤንዚን ጐን 1.39 አንግስትሮም ያህል ነው፤ አንግስትሮም 1 ሚሊሜትር ለ10 ሚሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው ነው። የካርቦን ነጠላ ማያያዣ 1.54፥ ድርቡ 1.34 ያህል ስለ ኾነ፥ የቤንዚኑ ከኹለቱ መካከል ነው። ነጠላና ድርብ ቢፈራረቁ ኖሮ ጐኖቹ ባልተካከሉም ነበር።

ሎንስዴይል በ1945 ከማርጆሪ ስቲቨንሰን ጋራ፥ በ1660 በተመሠረተው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሊቃውንት ማኅበር ከሴቶች አስቀድመው አባል ኾኑ። ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር አባት ይህን ያስብ። መምህርም ተማሪው «ይህ እንዲህ ነው» ባለ ጊዜ፥ «በምን ለክተህ ዐወቅኸው?» ብሎ ይጠይቀው።