ቁጣ ዕውር አይደለም

ልጄ፣ በቀደም ስንጫወት «አባባ፣ ስቆጣ ዓይኔ ይጨልማል፤ የማደርገውን አላውቅም» አልከኝ። ይህ ቃል ካንተ በፊት የእኔ ነበር። ለሽምግልና ስቀመጥም ከብዙ ባሎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ትዳርህ ገና ለጋ ነው፤ ሚስትህም ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ ያየሁትን ሳልሸፍን እነግርሃለሁ።

1. ቁጣህ ማንን እንደሚመርጥ አስተውል። በልጉ ሲቀር፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ የማይናደድ ገበሬ የለም። ዕዳ ሊቀበል የመጣውን ሰው በጥፊ የመታ ግን እኔ እዚህ አገራችን ራቤል ላይ አላየሁም። ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለብህንም ነጋዴ ንዴትህን ዋጥ አድርገህ ታልፈዋለህ። ቤትህ ስትገባ ግን እጅህ ይነሣል። ቁጣ ዕውር ቢሆን ኖሮ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ በመታ ነበር። ደጅ ላይ የምትገዛውን ቁጣ ጓዳህም ውስጥ ልትገዛው ትችላለህ። ቁጣን መግዛት መማር የሚቻለውም ለዚህ ነው።

2. ምልክቱን ቀድመህ ያዝ። የእኔ ቁጣ መጀመሪያ ጆሮዬን ያግለዋል፤ ከዚያ ጥርሴን ያስነክሰኛል። አንተም ምልክትህን ፈልገው። ሲመጣ «ልውጣና ልብረድ፤ እመለሳለሁ» በላትና ውጣ፤ በጎቹን እይ፣ ማሳውን ዙር። በር ገጭ አድርጎ መሄድ ግን ማስፈራራት ነው። አረቄ ቤትም አትግባ። «መጠጡ ነው» የሚለውን ምክንያት አልቀበልህም፤ የሰከረ ሰውም ቢሆን የቀበሌውን ሊቀ መንበር አይመታም። በርደህ ስትመለስ ነገሩን ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት። ቀን ያጠራቀምከው ቂም ማታ ዱላ ይሆናል።

3. ልጅ እንደሚያይህ አትርሳ። አንድ ማታ ባናዬን ከግድግዳው ላወርድ እጄን ብዘረጋ፣ ምድጃ ዳር ቆሎ ትቆረጥም የነበረችው ልጄ ክንዷን ራሷ ላይ ጋረደች። ቆሎው ተበተነ። ስድስት ዓመቷ ነበር። እሷን መትቼ አላውቅም፤ እናቷን ግን እዚያው ምድጃ ዳር መትቻት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያየም እንደማይረሳ ያን ማታ ገባኝ። ሚስቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅርታዬን እስክታምን ግን ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኗ ከእጄ ላይ አልተነሣም። እንድታምነኝ ማቻኮል የእኔ መብት አልነበረም።

4. ልጅህን በፍርሃት አታሳድገው። እኛን በአለንጋ ገረፉን፣ አንበረከኩን፣ በበርበሬ አጠኑን። በበርበሬ የታጠነ ልጅ ጥፋቱን መደበቅ እንጂ መተው አይማርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት በአካሉ እንዳይቀጣ ደንግጓል፤ መምህሩ የተከለከለውን አባት ለምን ያደርገዋል? በግ ጠብቅ ተብሎ ጨዋታ አታሎት ገብስ ካስበላ፣ አብራችሁ ሂዱና ጉዳቱን አሳየው፤ ከባለ ማሳው ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ደግ ሲሠራም ሳትሰስት አመስግነው።

5. የቤት ሥራ የሚስትህ ዕዳ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ወጥ ማሳረርን በመሰሉ አምስት ምክንያቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ይሆን እንደሆነ ተጠይቆ ነበር። ቢያንስ በአንዱ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ 63 በመቶ ነበሩ። ተመቺዋ ራሷ ዱላው ይገባኛል እስክትል ድረስ አስተምረናታል። ሌላ ዓይነት ኑሮም ግን ይቻላል፤ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ፤ እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድም እንጀራ ይጋግራል። ወጡ እንዳያር ድስቱን አንተም አማስለው።

6. ትምህርቱ ለሚመታው ይሰጥ። በጉራጌ ዞን፣ በአራት ወረዳዎች ባሉ 64 መንደሮች በተደረገ ጥናት አንድ ፕሮግራም ተሞክሯል። ቡና እየተፈላ፣ በሠለጠኑ አወያዮች፣ 14 ጊዜ ይማማሩ ነበር፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ለብቻ፣ በአንዳንዱ ሴቶች ለብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ወንዶች ለብቻ በተማሩበት መንደር ወንዶች በሚስቶቻቸው ላይ የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ሴቶችን ብቻ ማስተማር ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ሚስትን «ቻይው» ብሎ መምከር ቤት እንደማያድን እኔም በሽምግልናዬ አይቻለሁ። እኛም ሰንበቴ አለን፣ ዕድር አለን፣ ቡናም አለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የንስሐ አባቱን፣ የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ እንጋብዝና ወንዶች እንማር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

7. ዕርቅ ወንጀልን አይሸፍን። ይህ ለእኛ ለሽማግሌዎችም ነው። ፊቷ አብጦ የመጣችን ሴት «ገመናሽን ያዢ፣ ተመለሺ» ብለን ልከናል፤ እኔም ልኬያለሁ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለይቶ ወንጀል አድርጎታል። ሚስትህ ፈርታህ ወደ ዘመዶቿ ወይም ወደ ፖሊስ ብትሄድ አትከተላት፤ አማላጅም አትላክባት። መጀመሪያ ደኅንነቷ ይጠበቅ። ዕርቁ የሚመጣው እሷ ከፈለገች፣ አንተም ተለውጠህ ከታየህ ነው።

8. ጓሳን አስብ። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለዓመታት እየዘጉ፣ ቀን ቆርጠው እየከፈቱ፣ ደንብ የተላለፈውን እየቀጡ 400 ዓመት ገደማ ጠብቀውታል። የቸገረውም ሰው ቢሆን ያለ ቀኑ ማጭድ አያነሣም ነበር። ለሣር ይህን ያህል ሕግ ያወጣ፣ ያከበረም ሕዝብ፣ ለሚስትና ለልጅ ገላ ሕግ ማውጣት አያቅተውም። «በዚህ ሰፈር ሚስቱን የሚመታ የለም» የሚል ደንብ በየዕድራችን እናጽፍ፤ ተላላፊውንም እንጠይቀው።

ልጄ፣ ልጅህ እስኪወለድ ጊዜ አለህ። እጅህን ዘርግተህ ባናህን ስታወርድ የሚደነግጥ ልጅ አይኑርህ። የፊታችን እሑድ ከሰንበቴው በኋላ ጓደኞችህን ይዘህ ና። ስላጠፋሁት ጥፋት መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ።